እንየው

ሐምሌ ገብቶ ነበር፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣
ቡሬ ላይ መብረቁ መስመሯን ቢመታት፣
ከተማውን ሙሉ ጨለማ ዋጠው፤
እኔን ግን ዝምታው ነው ያስደነገጠው።

አራት ሺህ እንቁላል፣ ሃያኛ ቀናቸው፣
ነገ ነው የሚፈርስ ነጭ ግድግዳቸው፤
የመፈልፈያው ቤት ማራገቢያው ቆመ፣
ሙቀቱ ሊኮበልል ከደጃፍ አደመ።

ጄኔሬተሩማ
ወትሮ መብራት ሲሄድ፣ ዐሥር ያህል ቆጥሮ፣ ራሱ ነበር የሚነሣ፤
ዛሬ ሦስቴ አጓርቶ
እንደ ከሳ በሬ ተንበርክኮ ቀረሳ።

በእጅ ባትሪ ሮጥኩኝ፣ ጭቃ እያቦካሁ፣
ከመኖው መጋዘን ጥግ አንዴ ወድቄ ተነሣሁ።
እንየው ቀድሞኛል፤ የወሩ ተቀጣሪ፤
ከሳጥኑ ፊት ቆሟል፣ ዓይኑን ትቶ ጣቱን አድርጎ መሪ።
ቀይ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል፣
ማንቂያው እንደ ፌንጣ ጆሮ ይሰረስራል።

«ሪሴት ላርገው?» አለኝ።
«እንየው!» አልኩት።
ስሙን መጥራቴ ነው፤ ስሙን ብቻም አይደለም፤
ስድስት ዓመት ቅኔ ቤት የዋለ አንደበት
እንዲህ ያለ ሲሳይ አግኝቶ አያልፍም።

«ደብዳቤ መጥቶልህ ሳታነብ ትቀደዋለህ?
ጩኸቱን ነው እንጂ ሕመሙን አትሽረውም፤
ሳጥኑ ዝም ይልሃል፤ የዛሬውን ግን ደግሞ አይነግርህም።
ይኸውልህ፤
"ዝግጁ" ሲል ተኝቷል አትበል፤
ጆሮውን ወደ መስመሩ ያቆመ ውሻ ነው።
"በመጠበቅ ላይ" ሲል ሰነፈ አትበል፤
የሄደው መብራት ይመለስ እንደሆን ልቡን እየታዘበ ነው።
"በማቀዝቀዝ ላይ" ሲል፣ ሥራው አልቆ እንኳ ወዲያው አይጠፋም፤
ከሩጫ የገባ በቅሎ ቶሎ ውኃ አይጠጣም።»

ከስክሪኑ ላይ ሦስት ስንኝ ወርዷል፤
ከላይ «ባትሪ ደከመ»፣
ከሥሩ «መነሣት አልቻለም»፣
ከሁሉ ታች፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «የፍጥነት ምልክት የለም»።
«ከላይ ያለው ኋላ የመጣ ነው፤ ጮኸ እንጂ አልቀደመም።
ለቅሶ ቤት በር ላይ የሚጮኸው ሁሉ ባለ ሐዘን አይደለም፤
ባለ ሐዘኑ ጥግ ተቀምጧል።»

ቁልፉን «አጥፋ» ላይ አዞርነው፣ ያ ነው መጀመሪያ፤
ራሱ የሚነሣ ነገር፣ እጅህ ውስጡ ሳለ ቢነሣ፣ የለውም ይቅርታ መጠየቂያ።

ከሞተሩ ጎን፣ የመኖ በቆሎ ተከምሮ፣
አይጥ ስትግጥ የከረመችው አንድ ቀጭን ሽቦ፤
ውስጡ መዳብ፣ ላዩ የጥርስ ማኅተም።
ሞተሩስ ዞሯል፤ የታጣው መዞሩን የሚያደርስ ነው።
ሳጥኑም አልዋሸም፤
ያላየውን፣ አላየሁም ነው ያለ።

ቀጠልነው፣ በፕላስተር ጠቀለልነው፣
የመኖውን አይሱዙ ባትሪ አውልቀን አዋስነው።
አጓራ።
ያዘ።
«ሺህ አምስት መቶ» አለ ስክሪኑ፤
ቁጥር እንደዚያ ሲያምር አይቼ አላውቅም።

ሲነጋ መብራት መጣ፤ የመጀመሪያዎቹ ቅርፊቱን በሱ፤
ከታችኛው መደርደሪያ ያሉት ግን ዝም አሉ፤ ቀዝቃዛ ናቸው፣ ስንት እንደሆኑ ገና አልቆጠርንም።
እንየው አሁንም ከሳጥኑ ፊት ነው፤
ቁልፏን ይጫናል፣ የኋላውን መዝገብ ይገልጣል፤
ማንበብ የጀመረን ሰው ማን በቃህ ይለዋል?

«ማክሰኞ፣ ማታ አንድ ሰዓት፤ ማስጠንቀቂያ፤
የፍጥነት ምልክት ተቆራረጠ፤
በእጅ ተሰርዟል።»

ቀና ብሎ አየኝ።
«ማክሰኞ ማን ነበር ተረኛ?»

ጫጩቶቹ ይጮኻሉ።
ስክሪኑ ላይ «ዝግጁ» ይላል፤
አረንጓዴው መብራት፣ ከአገጬ እስከ ግንባሬ፣
ቀስ ብሎ ፊቴን ያነብባል።